አገር ስጠኝ

ሲግሩን ደብተሯን ገልጣ «ስምህን ጻፍ» አለች፤
ሠላሳ ክሮነሬን መሳቢያ ከተተች።
የቀለም ብልቃጦች፣ ጣት የሚያክል ጭራቅ
ከመደርደሪያው ላይ ቀለም ጠጥቶ ሲደርቅ
አልፌው ወደ ጓዳ።

አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣
አምስተኛው የቢራ ሣጥን።
ሣጥኑ የእኔ ነው። ሁልጊዜ እዘገያለሁ፤
አውቶቡስ የማጥብበት ፈረቃ ለማንም አያዝንም፣
እጄ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ እቀመጣለሁ።

ተራኪው ኦድቫር ነው፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ደጅ እንግዳ፣ ለውሻ ጠበኛ።
አሁን በካርቶን ከለላ ካርታውን ደብቆ
ንጉሥ ይሾማል፣ ድልድይ ያፈርሳል፣ አፍንጫውን ጠርጎ።

የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ሰጠኝ።
እጄ ደነገጠ።
ወረቀት አውቃለሁ፦ የገባህበት ቀን፣ የገባህበት በር፣
የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ምክንያትህ በዝርዝር።
ይኼኛው የጠየቀኝ ሌላ ነው፦ ጉልበትህ ስንት ነው?
ገመድ ይዘሃል? መብራትስ? ምን ትፈራለህ?
«ስምህን ራስህ አውጣ» አለኝ።
የቄሰ ገበዙ ልጅ በእርሳስ ሌባ ሆንኩ፤
ስሜም ሹልኬ።

ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው፣ እማዬ።
ደግሞም አልተሳካልኝም፤
የመጀመሪያውን ኪስ ስዳብስ
ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ አንድ ላይ ቆመ፤
ባለ ኪሱ አዝኖልኝ ሳንቲም ሰጥቶ ሸኘኝ።

ኢንግቪልድ ስትናገር ቃል ጥርሷ ላይ ይሰናከላል፤
ዳቦ ቤት ገብታ የምትወደውን ትታ
ስሙ የሚቀላትን ትገዛለች።
እዚህ ግን ባለመጥረቢያ ናት፤ ጦሯን ስትጣራ
ፊደሉ ሁሉ ተሰልፎ ይወጣል፣ ማንንም ሳይፈራ።
ዝቢሼክ ቀን ቀን መርከብ ይበይዳል፤
ጠባሳ በጠባሳ በሆነው ጣቱ
ሐኪም መሆን መረጠ።
ዳይሱን ይጥላል፣ «ድነሃል» ይለኛል፤ ደግሞ ያምነዋል።

ያን ምሽት ድልድዩ ላይ የቆመው ዘበኛ
አላሳልፍ አለ። መጥረቢያው ሳተ፣ ጸሎቱ ከሸፈ፣
ዳይሱ አድሞብን የተጣለው ሁሉ ታች ታች አረፈ።
«ልጠይቀው?» አልኩ።
«ጠይቀው» አለ ኦድቫር፣ በዘበኛው ድምፅ።
«እንቆቅልህ!»
ለቃሉ የእነሱ ቋንቋ ልክ አጣሁለት።
«ምን አውቅልህ በሉ» አልኳቸው፤
አሉም፣ ሁሉም፣ እያንዳንዱ በራሱ ስብራት።

«እግር የለው ይሮጣል፣ እጅ የለው ያንኳኳል፤
ሺህ ሆኖ ይወርዳል፣ አንድ ሆኖ ይሄዳል።»

ነፋስ ነው? የፈረስ መንጋ? የሙታን ሠራዊት?
ሲግሩን ከባንኮኒው «ግብር ሰብሳቢ!» አለች።
ኦድቫር መነጽሩን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨመቀ።
መልሱ ከጀርባው መስኮቱን ይደበድባል፤
ከመስከረም ወዲህ አላባራም፣
የበርገን ሰው ጆሮ ግን ከድምፅ አይቆጥረውም።

«አላውቅም» አለ።
«እንግዲያው አገር ስጠኝ።»

ሕጉን ነገርኳቸው፦ ያልመለሰ አገር ይሰጣል።
በልጅነቴ ስንት ከተማ ገዝቼ፣ ስንቱን ተቀማሁ፤
ሲነጋ አንዱም አልነበረም።
ኦድቫር አላሳቀውም። ካርቶኑን ወደ ጎን አደረገ፣
ከሐሙስ ሐሙስ የሸሸገንን ካርታ ፊቴ ዘረጋ፤
የፖስተኛ ጣቱ መንገዱን ተከትሎ
ወንዙ ከባሕር ሳይደርስ ቆመ።
«ይህችን ውሰድ። ዐሥራ ሁለት ቤት፣ አንድ ወፍጮ።
ስም የላትም።»

ሕጉ ተሸናፊውን መስደብም ይፈቅዳል፤
ስድቡ ጠፋኝ።
መስኮቱን ብቻ አሳየሁት።
ሁሉም ዞሩ፤ ለትንሽ ጊዜ
ዳይስ የሚጥል፣ ብስኩት የሚያኝክ አልነበረም።
ከዚያ ኢንግቪልድ «ዝ... ዝናብ» አለች፣
በራሷ ድምፅ፣
የመጣበትን ያህል ጊዜ ሰጥታው።

ሲግሩን መብራት ስታጠፋ ወጣሁ፤
ኮፍያዬን ሳላጠልቅ እስከ ፌርማታው ሄድኩ።
ዐሥራ ሁለት ቤት። ጣሪያቸውን ማየት አለብኝ።
ወፍጮው በምን እንደሚዞር እንኳ
አውቄዋለሁ።