ለሰርጌ ለምትመጡ

አጎቴ ሙሄ ሆይ፣ ዘምዘም አክስቴ፣
ስልኩ ይቆራረጣል፤ ይኸው በጽሕፈቴ።
ከደሴ መናኸሪያ ሳትሳፈሩ ገና
ጮክ ብላ ታንብበው ልጃችሁ መዲና።

ፓስፖርቱ ስድስት ወር ይኑረው ከፊቱ፤
ቪዛውን አሳትሙት፣ ስልክ ሲዘጋ ነው ከንቱ።
የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴሉ ስም፣
የይማም ስልክ ቁጥር፦ ኪስ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይደለም።

በርበሬና ሽሮውን በሦስት ፌስታል እሰሩት፤
ቅቤውን በጠባብ ክዳን፣ በልብስ መሐል ክተቱት።
ጫት ግን! አጎቴ፣ ጫት!
አንዲት ቅጠል እንኳ፣ በካልሲ፣ በኪስ፣ በሽርጥ እጥፋት፤
ቢስቲማ ላይ ምርቃና ነው፣ እዚህ ግን እስራት።
የጉልበትሽን ኪኒን ደግሞ፣ አክስቴ፣
ያለ ሐኪም ማኅተም እንዳታመጪ በሞቴ።

ቦሌ ላይ አንዷ ትጠጋችኋለች፣
«ይቺን ለእህቴ አድርሱልኝ፣ ትንሽ ናት፣ ቀላል ነች» እያለች።
አዝናለሁ፤ አትቀበሉ። ያልፈታችሁት ዕቃ
እንኳን ሰርግ ሊያደርስ፣ አያሳልፍም ከጥበቃ።

ጋቢ ያዙ። አትሳቁ።
ነሐሴ ነው፣ ደጁ ይፈላል፤ ጋቢው ለውስጥ ነው። መኪናው፣ አዳራሹ፣ ሱቁ፣
እዚህ ብርድ ገዝተው ነው የሚኖሩት፤ ጉሮሯችሁን ጠብቁ።

ታክሲው ቆጣሪ አለው፣ አትከራከሩ፤
ዲርሃሙን በብር እያባዛችሁ ውኃ ተጠምታችሁ እንዳታድሩ።
መንገድ መሻገር በዜብራ ብቻ። በሌላ በኩል የገባ
የወይፈን ዋጋ ይቀጣል፤ ያውም የሰባ።

ከአውሮፕላን ስትወርዱ የጎብኚዎችን ሰልፍ ተከተሉ፤
ዓይን ያነሳሉ፣ ማኅተም ይመታሉ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላሉ
አሉ።
እኔ አላውቀውም ያንን በር።
እኔ የመጣሁ ለት፣ ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ከሰባ ልጆች ጋር
ወለሉ ላይ፣ በግድግዳው ጥግ፣ ጫማችንን ታቅፈን ነበር
ስማችንን የያዘ ሰው ፈርሞ እስኪወስደን
ሌሊቱ የነጋብን።
እናንተ ግን እንግዳ ናችሁ። ቀና በሉ፣ ሳትቸኩሉ እለፉ፤
ያንን መስመር ስትረግጡ የእኔንም እግር ነው የምታሳልፉ።

ሰርጉ እሑድ ነው፤ የሚዜዎቼ ዕረፍት ያ ቀን ብቻ ነው።
ሮላ ሠፈር፣ ከባንግላዴሹ ልብስ ሰፊ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ነው።
ከሰዓት ስምንት ተጀምሮ ማታ ሦስት ላይ ያልቃል፤
«ምነው ቶሎ?» እንዳትሉ፤ የማዳሞቹ በር በአራት ይዘጋል።
ጉርሻዋን ሳትውጥ የምትሮጥ ልጅ ካያችሁ
አትቀየሙ፤ ቶሎ መርቋት፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ።

አንድ ነገር ረሳሁ።
የታችኛው ቤት እመት ፋጡማ
መሄዳችሁን ከሰማች ትመጣለች በጨለማ።
ሰዓዳ ከሄደች ሦስት ዓመቷ፤ ሐዋላ የለ፣ ድምፅ የለ፤
ፎቶዋን ትሰጣችኋለች፣ በሻሽ ጫፍ የተጠቀለለ።
ስለ አደራ ዕቃ ያልኩትን እርሱት። ያቺን ተቀበሉ።
እሷ ኪሎ አትሞላም፤ ሚዛን ላይ ያሉትም ዝም ይላሉ።
የማውቃቸው ልጆች ሁሉ ይመጣሉ በዚያ እሑድ፣
ከአጅማን፣ ከዱባይ፣ ከአል ዓይን። ኬኩ ከመቆረሱ በፊት
ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይሂድ።
ድንገት አንዷ «ይቺን አይቻታለሁ፣ የት ነበር?» ካለች፣
ወርቁ ይቅርብኝ፤ ስጦታዬ ያቺ ነች።

ሲም ካርድ አትግዙ፣ ተገዝቶላችኋል።
ይማም ስማችሁን በካርቶን ጽፎ መውጫው ላይ ይቆማል፤
እንዳትፈሩት። እሱ አይፈርምም፤ ጉልበት ይስማል።

ጋቢውን እንዳትረሱ።