መልሰው

ከጃን ተከል ወረድ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን በኩል፣
አንድ በረንዳ ነው ያለን፣ ኪራዩን የምንከፍል እኩል፤
እኔ የስልክ መስታወት፣ ይታይሽ የሱሪ ቅዳጅ፣
ሰው የጣለው ነገር ነው የሁለታችን ወዳጅ።

በመስከረም ነው የክልሉ ጣቢያ «ነጻ!» ብሎ ያወጀው፤
«ዜናው፣ ድራማው፣ ኳሱ፣ ካሴት ላይ የደረቀው፣
መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት አቧራ ሲጠጣ የኖረው፣
ክፍያ የለም፣ ምዝገባ የለም፣ ስልክ ያለው ሁሉ ይየው።»

ነጻ።
እኛ ሰፈር ነጻ ማለት፣
ጥቅል መግዛት፣
መብራት መጠበቅ፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መንቃት፣
ሰው ሲተኛ ከኔትወርክ ጋር ብቻ ለብቻ መቅረት።

እና እኔ ሌሊት አወርዳለሁ፣ ቀን በሚሞሪ እጭናለሁ፤
ለአንዱ አስር ብር። ሲጠይቁኝ «የኮረንቲ ነው» እላለሁ።

የአዘዞ ልጆች ኳስ ነው፣ ያንኑ ጎል ደጋግመው፤
የማራኪ ተማሪዎች ድራማ፣ ክፍል በክፍል አስቆጥረው፤
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ጋሼ ፈንታሁን የሚሉት፣
የማሽላ ተምች ዘገባ ጠየቀኝ፣ ምን ሊያደርግለት!
«ድምፁ የእኔ ተማሪ ነው» አለ። ሌላም አልጨመረበት።

ይታይሽ ግን እስከ የካቲት አንድም ቀን አልጠየቀች።
ሐሙስ ዕለት መብራት ጠፍቶ እኔ እጄን ሳጣጥፍ፣
እሷ በእግሯ ስትዘውር፣ (ለእግር መብራት ምን አገባው?)
መርፌውን ከጥርሷ አወጣች፦
«የቅዳሜ ገበያ ዜና፣ የዘጠና አራት፣ ይኖራል?
የኩፍኝ ክትባት። አባቴ ከኋላ አልፏል ይባላል።
እኔ ጡት አልጣልኩም ነበር።»

ፎቶ የለውም። አንድም።
መታወቂያው ከኮቱ ኪስ ሳይወጣ ነው የተቀበረው።
ስሟን ያወጣላት እሱ ነው፤ ይታይሽ ያላት እሱ ነው።

ሌሊት ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ እንደ ይታይሽ መዘውር፤
ክር እንደሌለው መርፌ፣ ምንም ሳትሰፋ ስታድር።
ሊነጋጋ ሲል ወረደ።

ጋዜጠኛው ማይኩን ይዞ ስለ ኩፍኝ ያወራል፤
ከኋላው በርበሬ ይሰፈራል፣ አህያ ይራገፋል፤
አንድ ደቂቃ ከአርባ ላይ፣ ከግራ በኩል፣ አንድ ሰው፣
የስፌት መኪና ራስ በትከሻው የተሸከመው፣
ገባ።
ጋዜጠኛውን አያይም። ካሜራውንም አያይም።
«ዞር በሉ» የሚል ይመስላል፤ ድምፁ ግን አይሰማም።
ያቺው መኪና ናት። የወርቅ ፊደሏ ያኔ አልረገፈም።
አራት ሴኮንድ። በቀኝ ወጣ።

«መልሰው» አለችኝ።
መለስኩት። ገባ፣ አለፈ፣ ወጣ።
«መልሰው።»
ለእኔ ይሁን ለሌላ፣ ዓይኗን አላየሁም፣ አላወቅሁም።
«አቁመው።»
አቆምኩት። በአንድ እግሩ ቆመ፣ ሌላው አየር ላይ ቀረ፤
የልጆቹን እንጀራ እንዳዘለ፣ ፊቱ ነጠብጣብ ሆኖ ቀረ።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም። ተጠግታ፣
«የኮቱ ዘርፍ ተተርትሯል» አለች፣ በጥፍሯ ነክታ፣
«ይኸው፣ በስተኋላ። ይሄን ለብሶ ገበያ ይወጣል?
ልብስ ሰፊ ሆኖ! ሰው ምን ይላል!»
ተቆጣች። የምር ተቆጣች።
ከዚያ ዝም።
«ቆይ፤ ያን ቀን ነዋ የገዛት።
ገና አልቻለበትም መስፋት።»

አስር ብሯን አወጣች። «ነጻ ነው» አልኳት።
«የጣቢያው ነው እንጂ ነጻው፤ ያንተ ሌሊትስ?» ብላ
ሳጥኔ ላይ ጣለችው፣ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤
ያን ቀን ያስረከበችው ሱሪ ሁሉ ዘርፉን ደርባ የሰፋችው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሳወርድ የሚናገረውን አላይም፤
ሪባን ቆራጩን፣ አጨብጫቢውን፣ የፊት ወንበሩን አላይም።
ከኋላ ነው ዓይኔ፦ ሸንኮራ የምትልጠው፣
ከጃንጥላው ጋር የሚታገለው፣
ካሜራ ሲዞር የምትሸሸው።

ደብተር ገዝቻለሁ። ደቂቃውን እመዘግባለሁ፦
ሦስት ከሃያ። ቀኝ። ቀይ ሻሽ።
ስድስት ከአምስት። ልጅ፣ ባለ አንድ ጫማ።
ዘጠኝ ከሠላሳ። ጀርባው ብቻ።