አንድ እግር ካልሲ

ባሕሩ ረግቷል በኦውሉ ወደብ፣ በጥር እኩለ ሌት፤
ሰባት መርከብ ቆሟል፣ የበረዶ ካርታ እየጠበቀበት።
ሲርካ ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ቁልፍ ነካች፣
ከመሳቢያዋ ውስጥ ግራጫ ክር አወጣች፣
ካልሲ መሥራት ጀመረች።

አሥራ አንድ ደቂቃ!
ስሌቱ አይደለም፤ እሱማ ፈጣን ነው፣ አንዴ ከነቃ።
መነሣቱ ብቻ፤
የጫማ ፍለጋ፣ የአልጋ ሥር ዳበሳ፣ የጨለማ ዘመቻ።

ቱኦሞ አለቃዋ «ማሽኑ አርጅቷል» አለ፣
«ከርሞ ይገዛልን፣ በጀቱ ካልዋለለ።»
ሲርካ መልስ አልሰጠች። የጀመረችውን ዙር ጨረሰች፣
ከዚያ ክሩን ጣለች፤
ሲነሣ የሚያጉተመትመውን ቃል በቃል ቀዳች፣
እንደ ንስሐ አባት ቁጭ ብላ ሰማች።

ምን ሰማች? ልመና።
ለአንዲት ቁራሽ ኮድ ደጅ ለደጅ ሲዞር፣
እንደ ቆሎ ተማሪ፣ አኮፋዳው ባዶ፣ ድካሙም መና፦
«እዚህ አለ ወይ?»
«የለም።»
«እዚህስ?»
«የለም።»
«እዚያ ማዶ ቤትስ?»
«እኛም ዘንድ የለም።»
በአሥራ ሁለተኛው ደጅ ሲያገኝ፣ ደስታውን ሳይጨርስ፣
ለቀጣዩ ቁራሽ ከመጀመሪያው ደጅ ሊቆም ሲመለስ።

አርባ ሺህ ጥያቄ ቆጠረች።
አንዱ ለብቻው ቢለካ ከዐይን ጥቅሻ ያንሳል፤
ግን ጎተራው ሩቅ ነው፣ ከከተማ ዳር፣ በቀጭን ገመድ ጫፍ ተቀምጧል፤
መቶ መሥሪያ ቤት ከበሩ ይጋፋል፤
ኩንታልም ብትወስድ፣ አንዲት ፍሬም ብትወስድ፣
መንገዱ ያው ይሆናል።

ብረቱን አልነካች፣ ሳንቲም አልጠየቀች።
ስድስት ሺህ ጥቃቅን ፋይል አንድ በአንድ ለቅማ፣
እንደ ገብስ ነዶ ባንድ ጥቅል አሰረች፣ ማውጫውን ካናቱ አትማ፤
ባዶዎቹን ደጆች ከዝርዝሩ ፋቀች፣
(«የለም» ብቻ ከሚባልበት ቤት ማን ይመላለሳል?)
ጥቅሉን በሌሊት፣ ግፊያው ሲቀል፣ ባንድ ጉዞ አመጣች፣
ከማሽኑ ጉያ፣ ከራሱ ሜሞሪ አኖረች።

በማግስቱ ቁልፏን ነካች። ክሯን አነሣች።
መርፌው አንዷን ዐይን ገና ሳይሻገር፣
ካርታው ተዘረጋ፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ የስንጥቅ መስመር።
ዘጠኝ ሰከንድ! ቱኦሞ ሰዓቱን ጠረጠረ፣
አጥፍቶ አስነሣው። ዘጠኝ። ደገመ። ዘጠኝ።
እጁን ኪሱ ከቶ ዝም ብሎ ቀረ።
ከወደቡ በኩል በረዶ ሰባሪው መርከብ አጓራ፣
ሰባቱ ተከተሉት፣ መብራት በመብራት፣ ተራ በተራ።

ሲርካ በመስኮት አየቻቸው። ደስ አላት፤ አልዋሽም፣ ደስ አላት።
ግን መሳቢያውን ስትዘጋ አንድ ለስላሳ ነገር እጇን ያዛት።
ያለቀው የአንድ እግር ነው፤
ሁለተኛው ተረከዙ ላይ ቆሟል።
በየሌሊቱ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ማንም «ምን ትሠሪያለሽ?» የማይላት፣
ፕሮግራሙ ደጅ ሲጠና የሷ የነበረች ሰዓት፣
እሷም ባንድ ጥቅል ታስራ ሄደች።

በመጋቢት አባቷ ከኬሚ ደወለ፣
አንድ እግሩ ሙቀት ላይ፣ አንዱ ብርድ ላይ እንዳለ።
«ሌላው እግሬስ፣ ልጄ?» ሲላት፣
«እየተነሣ ነው» አለችው።