የአያት ስም

ከዚራ ቀበሌ፣ ኒሙ ጥላውን ሲሰስት፣
ወረፋው ተጠማዞ አደረሰኝ ከመስኮት።
«ስም?» «ነጂባ።» «የአባት?» «ሲራጅ።»
«የአያት?»
የጋለ ብረት ነገር ምላሴ ላይ አረፈ፤
እስኪበርድ ጠበቅሁና ጥቂት ጊዜ አለፈ።
«መኮንን» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ፤ «የሸዋ ሰው ናችሁ?»
ፈገግ አልኩ፤ ዝም አልኩ። ዝምታ ዱቤ ነው፤
ወለዱን የሚያውቀው የከፈለ ሰው ነው።

አያቴ መኮንን አልነበረም።
ጣልያን ሲወጣ ጊዜ፣ በሠላሳ ሦስት፣
ካኪ ቁምጣ ታጥቆ፣ ፊቱ እንደ ፍም እሳት፣
ስኮትላንድ ከሚሉት የጉም አገር ወጥቶ፣
ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ባቡር ሊጠግን መጥቶ፣
ዳንካን ማክጎዋን ነው፣ የቦይለር ቀጥቃጭ፣
ብረት ከብረት ጋር ሳይነጋ የሚያጋጭ።

ሆዳን ከሐዲዱ ማዶ የግመል ወተት ትሸጥ ነበር።
በምን ቋንቋ ተግባባችሁ? ብዬ ስጠይቃት ትስቃለች፤
«ዋጋውን በጣት፣ የቀረውን በዝምታ» ትላለች፤
ሌላውን ለደቻቱ አሸዋ ትተዋለች።
ደቻቱም ሳይጠሩት መጥቶ መዋጥ ያውቃል።

ጦሩን ሌላ ጦር ጠራው፤ ዳንካን በበርበራ ወረደ፤
መዶሻው እዚህ ቀረ፤ አባቴ ኋላ ተወለደ።

ሰባት ሲሞላው ጊዜ፣ ሽመንደፈር ትምህርት ቤት፣
አለቃ ጥሩነህ ብዕር ነክረው፣ «የአባት?»
«ማክጎዋን» አለች ሆዳን፣
ሰባት ዓመት በጥርሷ ይዛ የኖረችውን።
«ማ… ማን?»
«ማክጎዋን።»
«መኮንን በይኛ፣ ምን ያንተባትብሻል!»
ጻፉት። ለዓይን ያምራል፣ ለጆሮ ይቀልላል።
በአንድ ጠብታ ቀለም ቀጥቃጩ ተሾመ፤
ያለ ካባ፣ ያለ ነጋሪት፣ ያለ ጉልት፣
ልጁ መኮንን ሆኖ ከሰልፉ ጋር ቆመ።

ፍቺውን የሰማሁት አድጌ ነው፤
አሮጌ ባቡር ሊያይ ከመጣ ፈረንጅ ሽማግሌ።
መዶሻው እጀታ ላይ የተተኮሰውን ፊደል
በጥፍሩ እየተከተለ፣
«ማክ ማለት ልጅ ነው፤ ጎዋን ቀጥቃጭ» አለ።
እነሱም ድሮ እንደኛ ነበሩ፤
በአባት ስም ተጠርተው ከአባት ጋር የሚቀበሩ።
ኋላ ግን የአንዱ ቀጥቃጭ ስም እንደ ብረት ረጋ፤
ከልጅ ልጅ ተላለፈ፣ ሳይቀልጥ ሳይዘረጋ።
ወናፉ ተቀዶ፣ ከሰሉ አመድ ሆኖ፣
እረኛው የቀጥቃጭ ልጅ፣ ቄሱ የቀጥቃጭ ልጅ፣
ከነጭራሹ መዶሻ ያልጨበጠ እጅ።

እዚያም አለቃ ጥሩነህ አላጡ፦
የሌላ ቋንቋ ጸሐፊ «ማክጎዋን» ሲሉት፣
«ስሚዝ» ብሎ መዝግቦ ብዙዎቹን ሸኛቸው።
«ስሚዝም ቀጥቃጭ ነው» አለኝ ሽማግሌው።
የእነሱ ጸሐፊ ፍቺውን አድኖ ድምፁን ገደለ፤
የእኛው ድምፁን አድኖ ፍቺውን።
የትኛው ይሻላል? አላውቅም።

የቀጥቃጭ ልጅ!
ይህ ቃል ገንደ ቆሬ ምን እንደሚመዝን አውቃለሁ፤
ለወንድሜ ቢፍቱን ሊያዩ ሲሄዱ አብሬ ሄጃለሁ።
አባቷ ማረሻ ይመታል ሲባል ነገሩ ቀዘቀዘ፤
«አጥንቷ…» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሌላው ጫማውን ያዘ።
እኔም የመኮንን ልጅ፣ ነጠላዬን ሰብስቤ፣
አንዲት ቃል ሳልተነፍስ፣ ወጣሁ ከነልቤ።
ቢፍቱ እጇን በቀሚሷ ስትጠርግ አየኋት።
ምን እንደምትጠርግ አልጠየቅኋት።
የአያቴ መዶሻ ያኔ ከአልጋዬ ሥር ነበር።

«አውራ ጣትሽን እዚህ» አለች ጸሐፊዋ።
መስታወቱ በራ፤ ጠፋ። ደገምኩ፤ ጠፋ።
«አይነበብም፤ እስኪ ጥረጊው።»
ጠረግሁት፣ በቀሚሴ።
አይነበብም።
ከቀፊራ ጀርባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
በርና ምድጃ ስገጥም፣ መስመሩን ልሶታል እሳት።
ስሜ ጥርት ብሎ ማሽኑ ላይ ተጽፎ እያለ፣
ጣቴ ብቻ እንቢ አለ።
«ሥራሽ ምንድን ነው?»
«በያጅ» አልኳት። ቀጥዬም፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣
«የቀጥቃጭ ልጅ።»
እሷም ሳትሰማኝ፣ ወይ ሰምታ፣
«ሌላ ጣት እንሞክር።»