የተውሶ ጎማ

ሳቢያን ጫፍ ላይ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣
አሥራ አራት ዓመቴ ነው ከጉድጓድ ስኖር።
ሰው መኪናን በፊቱ፣ በቀለሙ ሲያውቀው፣
እኔ በሆዱ ነው አይቼ የምለየው።
ከኋላው ተጽፏል፦ «ዕድሜ ለእናቴ»፤
ከሥር ዘይት ያንጠባጥባል፣ ግንባሬ ላይ፣ አንገቴ።

ሰኞ ጠዋት አሥር ሚኒባስ ቢሰለፍ፣
አራቱ ነው ባንዴ፣ ያለ ነገር የሚያልፍ።
ሦስቱ የመብራት ነው፤ ሽቦው ተቀጣጥሎ፣
ቀኙ ሲጠራ ግራው ይነሳል «አቤት» ብሎ።
ሁለቱ ቴስታው ነው፤ መሪው ልል ሆኖበት፣
የደንገጎ ኩርባ ዓመቱን ሲያላጋበት።
አንዱን ግን ዝም ልበል፤ ፍሬኑን ስረግጠው
እግሬ ወለል ነካ፣ ባዶ ነገር ዋጠው።

ጥፋቱን ስነግረው ሹፌር ቃል መች ይጠፋዋል፤
«ትናንት ደህና ነበር»፣ ይህን ሁሉም ያውቀዋል።
ፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ብረት ሲፍቅ፣
«ትናንት» የሚሉት ቀን ስንት ወር እንደሚርቅ!

በጎማ ማን ይወድቃል? ድሬ ላይ ማንም የለ፤
ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ከዚህ ሩቅ አይደለ።
መጋላ ውስጥ አለ አሊዪ ጎሚስታው፤
አራት ጎማ አለው አስፋልት ያልረታው።
ለግማሽ ቀን ኪራይ ሦስት መቶ ብር ከፍሎ፣
ሹፌር ሁሉ ይመጣል ሙሽራ መስሎ።
አንዱ ጎማ ጎኑ ላይ ነጭ ነጥብ አለው፣
የወፍ ኩስ የሚመስል፤ እኔ ነኝ የማውቀው።
ማክሰኞ ከጂብሪል ጋር፣ ረቡዕ ከዚያኛው፣
ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሰላም አልኩት እንደ ሰው።

ቅጹ «ጎማ» ይላል። ጎማው ጥሩ ነው።
«የማን ነው?» የሚል መስመር ቅጹ ላይ አልተሠራ፤
እኔም ምልክት አድርጌ ጠራሁ ቀጣይ ተራ።

እሑድ ማታ፣ ከሐረር፣ እህቴን ጠይቄ፣
የመጨረሻውን መኪና ያዝኩት ተጣብቄ።
ረዳቱ ሚፍታ አየኝ፦ «ኧረ ተቆጣጣሪው!
ጋቢና ነው ቦታዎ፤ ማነህ ልጅ፣ ተነስ፣ ይኸው!»
ተቀመጥኩ። ከፊቴ መስታወቱ ላይ ቦሎ፣
ፊርማዬ ከነጭራው እዚያው ተንጠልጥሎ።
ጎማውን አይቼው ነበር ከመሳፈሬ በፊት፤
መላጣ፣ ሽቦው ገጥጦ፣ ለመንገደኛ የሚስቅ ፊት።
አውቄ ተሳፈርኩ። ይሄን ማንም አይጽፈው።

አወዳይን አለፍን፣ ሐረማያን አለፍን፣
ደንገጎ ላይ ጉም ወርዶ ቆሞ ጠበቀን።
ጂብሪል ማርሽ ቀነሰ፤ ወሬ አቆመ ሁሉ ሰው፤
በየኩርባው ቀኝ እግሬ ወለሉን ሲገፋው፣
እዚያ ፍሬን የለም፣ እግሬ ግን አይሰማ፣
እስኪታየን ድረስ የድሬ መብራት ከጨለማ።

ምንም አልሆነም። ደረስን። ክፋቱ ይኸው ነው፤
ምንም ባለመሆኑ ነው ጂብሪል ጎማ የማይገዛው።
ሒሳብ ስሰጥ ሚፍታ እጄን መለሰብኝ፦
«ከእርስዎማ! ይተዉት»፤ ያ ሳንቲም ከበደኝ።

ሰኞ መጣ ያ ጎማ፣ ነጭ ነጥቡን ይዞ፣
በነጋልኝ ሚኒባስ ሥር ከመጋላ ተጉዞ።
ቀይ የዘይት ቀለም ከመጋዘን አመጣሁ፤
ሰሌዳ ቁጥሩን በጎማው ጎን ላይ አወጣሁ፣
በትልቁ፣ ከሩቅ እንዲነበብ።

«ኧረ ጌታዬ!» አለ ነጋልኝ፣ «ምን ነካህ!
ጎማው እኮ የኔ አይደ...»
ዝም አለ።
ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

ቀጣዩ ተረኛ ማርሹን ኋላ አስገብቶ
ወጣ በዝግታ፣ የተሳሳተውን ፍሬቻ አብርቶ።

ማታ አሊዪ መጣ። ይሰድበኛል ስል፣
ግድግዳ ተደግፎ፣ እየቀጠፈ ቅጠል፣
አልተቆጣም፤ ብቻ ጣቱን ቀይ ቀለሙ ላይ አሻሽቶ፣
«ቤንዚን ያስለቅቀዋል?» አለኝ፣ ጆሮዬን ተጠግቶ።