ደረጃ የሌለበት ቤት

ዱሉዝ ዳገት ናት፤ ሐይቅ ላይ የቆመች፣
በጥር ውርጭ ሲመታት እንደ ጨው የነጣች።
ከዓሣ መጋዘኑ፣ ከወደቡ በላይ፣
ትምህርት ቤታችን ነበር፣ ቀይ ጡቡ የሚታይ።
መቶ ሠላሳ ደረጃ ቆጥሮ ለሚደርስ
ውስጡ ደረጃ የለም፤
አንደኛ የሚያስጨፍር፣ መጨረሻ የሚያስለቅስ።

መምህሩን በስሙ፣ "ቶይቮ" ስንለው
"አቤት" የሚል ጎልማሳ፣ ቅር የማይለው፤
ዶሮ ያሳደግን፣ ግድግዳ የቀባን፣
ክርክር ሲነሣ ወለል ላይ ክብ ሠርተን
ሁሉም እሺ እስኪል ምሳ የቀረብን።

አባቴ በያጅ ነው፤ መርከብ ይጠግናል።
ሰኔ ላይ ደብዳቤው ቤታችን ሲመጣ
መነጽሩን ሰክቶ በረንዳ ሲወጣ፦
"ልጅዎ የሠራችው ድልድይ ሦስቴ ፈረሰ።
አራተኛውን ትታ መስኮት ዳር ተቀመጠች።
ምን እያሰበች ይሆን? እባክዎ ይጠይቁልን።"
ይኸው ነው። ቁጥር የለ፣ ማኅተም የለ።
ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ፈለገ።
"ከስንት ስንተኛ ነሽ፣ እማዋይሽ?"
"ደረጃ የለም፣ አባዬ።"
"ደረጃ የሌለው ቤት፣ ሰው በምን ይወጣል?"
አለና ዝም አለ፤
ዝምታው እስከ ነሐሴ ቤቱን ሞልቶት ዋለ።

አሥራ ሦስት ነበርን፣ ጠረጴዛ የሠራን።
በበረዶ ወራት፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣
ከተሰበረ ጀልባ ጣውላ እየለቀምን፣
ስምንት ክንድ ከስንዝር፣ ወፍራም፣ ባለ ስድስት እግር።
ቶይቮ ሜትሩን ይዞ ያየናል፤ አይናገር።
ያለቀ ዕለት ተሸክመነው፣ እየጮህን፣
በሩ እምቢ አለን።
በቁሙ፣ በጎኑ፣ በሰያፍ ሞከርነው፤
የአናጺ ክፍሉን ምግብ ቤት አደረግነው።
ከሆዱ ሥር ተንጋለን ስማችንን ቀረጽን፣
እኔ በፊደል፣ እነሱ በላቲን።

ዘንድሮ ሕንፃው ተሸጠ፤ ጣሪያው አርጅቶ።
"ኑ" ተባልን፤ "ብሎን መፍቻ ይዛችሁ"።
ማሪት ከተንደር ቤይ መጣች፣ ሕፃን አዝላ፤
ፓ ኮው የጥርስ ሐኪም ሆናለች፤
መሰርሰሪያ ስትይዝ ሁላችን ሳቅን።
ኮርቢንና ሩት፣ እዚሁ ተዋውቀው፣ ተጋብተው፣ የተፋቱት፣
በጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ ቆሙ፤
ስምንት ክንድ ከስንዝር መሐላቸው።
የዊላርድ ስም ብቻ ባለቤቱ አልመጣም።
ማንም አላነሣው፤
ማሪት ግን አቧራውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

እንደ ድሮው ወለል ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤
ጉልበት ግን እንደ ድሮው አይታጠፍ።
"ይቆረጥ።" "አይቆረጥም።" "በሩ ይፍረስ።" "ገዢውስ ምን ይላል?"
ሁለት ሰዓት። ሾርባው ቀዘቀዘ።
በመጨረሻ ሩት ወደ ሽማግሌው ዞረች፦
"ቶይቮ፣ ያኔ በሩን ለክተኸው ነበር?"
"ለክቼዋለሁ።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"
ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። ጢሙን አሻሸ።
እኛ ትምህርት ጠበቅን፤ ስህተት ያስተምራል፣ ምናምን።
"እናንተ አዳራሽ ትበሉ ነበር" አለ፣
"እኔ ምሳዬን እዚህ፣ ብቻዬን።"

ማንም አልሳቀም። ኮርቢን ተነሥቶ
ከጫፍ ወደ መሐል፣ አንድ ክንድ ያህል፣ ተጠጋ።

አባቴም መጥቷል፤ ብረት መቁረጫውን አንግቶ
የበሩን ማጠፊያ ሊቆርጥልን።
ማንም ሳያየው ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ተንጋሏል፤
በባትሪ እያበራ በጣቱ ይቆጥራል።
"ሰባተኛ" አለ ከሥር። "ከአሥራ ሦስት ሰባተኛ።"
"አባዬ፣ እሱኮ የቀረጽንበት ተራ ነው።"
"ይሁን። አይከፋም።"
ከዚያ ባትሪው ቆመ።
"እማዋሽ" ብሎ አነበበ፤ "'ይ'ን ውጠሻታል።"
ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደ፤
በጠባቧ ክፍተት፣ ምላሱን ነክሶ፣
ራሱ ያወጣልኝን ስም አረመ።
ጀርባውን እያራገፈ ወጣና
"በሉ፣ በሩ የታል?" አለ።