መብራት የጠፋበት ፊልም

ዘንባባው ግንድ ላይ ነው ማስታወቂያው ያለው፣
ዝናብ ጫፉን ልጦት፣ ነፋስ ሲያባብለው፤
«ያ የድሮው ፊልም ቅዳሜ ይታያል፣
ጥርት ባለ ምስል ዳግም ታድሶ መጥቷል።»
ባጃጄን አቁሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤
ተሳፋሪ ቢጣራ «ጨርሻለሁ» አልኩ።

ሟቹ ራሱ መጥቶ ከፖሊስ ጣቢያ
«ማነው የገደለኝ?» ይላል መጀመሪያ።
በሮች፣ መዓት በሮች፤ አንዱን ሲከፍት ባሕር፣
ሌላውን ሲከፍት ፈረስ አልጋው ዳር ቆሞ ነበር።
እኛም ከሕልሙ ጋር መተንፈስ አቁመን
ልክ ገዳዩ ዞሮ ፊቱን ሊያሳየን

ድርግም።

ጠፋ ከዳር እስከ ዳር፣ ጨለመ ከተማው፤
ፉጨት፣ ስድብ፣ ሳቅ፣ «ገንዘባችን!»፣ «ጋሽ አንማው!»
እሱ በጨለማ፣ ከማሽኑ ቤት ሆኖ
«ገዳዩ እኔ ነኝ» አለ ድምፁን አጎርንኖ።

በዚያ ሳቅ መካከል፣ በሦስተኛው ረድፍ
አንድ እጅ እጄ ላይ መጣ፣ ቀስ ብሎ ሊያርፍ፤
አውራ ጣቱ ላይ ጨርቅ፣ የታሰረ ቁስል፣
መዳፉ ሻካራ፣ ሽታው ጥጥ ጥጥ የሚል።
አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኩ፤
መብራቱ እንዳይመጣ ማርያምን ለመንኩ።

በማግስቱ ፈረቃ፣ ከፈትል ክፍል ደጅ
ቆሜ ስጠባበቅ፣ ጨርቅ የታሰረ እጅ
አርባ ቆጠርኩ።
ክር ያልቆረጠው የፋብሪካ ልጅ
የት ይገኝና!

ፊልሙ በጭነት መኪና ጎንደር ተሻገረ።
ጋሽ አንማው ግን ኖረ፣ እየጨረሰው፤
ለአንዱ ወንድም ገዳይ፣ ለአንዱ ዕዳ ያለበት ሰው፤
ለእኔ አንድ ቀን፣ ከሐይቁ ዳር፣ አምባዛ እየበላን
«ገዳይ የለም» አለኝ፣ «ሕልሙ ነው የገደለን።»
እምቦጭ ጣናን ባለበሰ ዓመት ሞተ።

ይኸው ሠላሳ ዓመት። ይኸው ቅዳሜ ነው።
ወንበሩ ፕላስቲክ፤ ሦስተኛው ረድፍ ግን ዛሬም ሦስተኛ ነው።
በግራዬ ባዶ ቦታ፣ በቀኜ አንድ ጎረምሳ፣
ፊቱ በስልኩ ብርሃን ሰማያዊ ዓሣ።
ፈረሱ መጣ፣ በሩ፣ ባሕሩ፤
ልክ እዚያ ስንደርስ ከተማው ጠፋ፤
ጀነሬተር አጓራ፣ ፊልሙ አላንቀላፋ።

ገዳዩ ዞረ። አየሁት። አንድ ተራ ሰው ነው፤
ጺሙን የተላጨ፣ ፈገግታ የከበደው።

ሰው አጨበጨበ፣ ምሥጢሩ ተፈታለት፤
እኔ ግራ እጄን ገልብጬ፣ ባዶው ወንበር ላይ፣ እንደተከፈተ ተውኩት።
ጋሽ አንማው፣ ነፍስህን ይማር፣ ካለህ እዚያ ማሽን ቤት
ለአንድ ደቂቃ ብቻ
አጥፋልኝ ይህን መብራት።